የጋሽ ላቀው ቋጠሮ

አንድም ቀበሌ ያለ ጭንቀታም አልተቋቋመም። ሊቀ መንበርና ጸሐፊ የሚመረጡት በስብሰባ ነው፤ ጭንቀታሙ ግን ማንም ሳይመርጠው ሥራውን ይጀምራል። ለሠርግ ዳስ ሲጣል ምሰሶውን እየነቀነቀ ይዞራል። የጎረቤት ላም ስትወልድ የጥጃውን እግር ይቆጥራል። እናንተ ገና ጉንፋን ሳይዛችሁ እሱ በቀብራችሁ ዕለት ዝናብ እንዳይጥል ያስባል። በየሰፈራችሁ አንድ አታጡም፤ ካጣችሁ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

እኔ በ1978 ዓ.ም. ጤና ረዳት ሆኜ ከደሴ መካነ ሰላም ስመደብ የተረከብኩት አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ እግሩ የተጠገነ አልጋ እና ክቡር አቶ ላቀው ወልደ ገብርኤልን ነው። ሦስቱ በሰነድ ላይ ሰፍረዋል። አራተኛውን ግን ያስረከበኝ ሰው በር ላይ ቆሞ በጣቱ አሳየኝ።

"ያ ግንቡ ላይ የተቀመጠው ጋሽ ላቀው ነው። አይታመምም፤ ግን በየገበያው ቀን ይመጣል።"

እውነትም መጣ። አርባ አምስት ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ ገበሬ ነው። አንድ ጊዜ ለራስ ምታት ክኒን ብሰጠው መዳፉ ላይ አስቀምጦ ብዙ ተመለከታትና "ሐኪም፣ ይቺ የምትገባ በሆዴ ነው። የሚያመኝ ራሴ መሆኑን በምን ታውቃለች?" አለኝ። ኮሌጅ ይህን አላስተማሩኝም ነበር። "ታውቃለች" አልኩት። "አልሆን ቢልስ?" አለ።

"አልሆን ቢልስ?" የጋሽ ላቀው ማኅተም ናት። መሥሪያ ቤት ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ እንደማይቀበል ሁሉ እሱም ይህችን ሳይላት ምንም ነገር አይቀበልም። ነፋሱ ከአቀስታ በኩል ጠንከር ብሎ ከነፈሰ እዚያ የተዳረችውን የልጁን የብርሀንነሽን ጣሪያ ወስዶባት ይሆናል ብሎ ስንቅ ይዞ ይነሣል። አንድ ቀን የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ጠረጴዛ እየደበደበ "ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!" ሲል፣ ከኋላ አንድ ረጅም እጅ ተነሣ።

"አልሆን ቢልስ?"

 በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ያስበላ ነበር። ሊቀ መንበሩ ጓድ ፈንታው ፈጥኖ ተነሥቶ፣ "ጓድ ላቀው የጠየቀው ስለ በልግ ዝናብ ነው" ብሎ አተረፈው።

እኔ መጀመሪያ እስቅበት ነበር። ያገሬው ሰው ግን አይስቅም። ለምን እንደሆነ ኋላ ገባኝ። በ1977 ረሀብ ጋሽ ላቀው ሚስቱን አልጣሽንና ሁለት ወንዶች ልጆቹን ይዞ ከመጠለያ ገብቶ ነበር። ተስቦ ገባና በአሥራ አንድ ቀን ሦስቱንም ቀበረ። ወንድሙ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሰፈራ በሚሉት መኪና ተጭኖ ሄደ፤ የደረሰበት አልተሰማም። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ምሰሶ ቢነቀንቅ ማን ይፈርድበታል?

በመጠለያው ሰልፍ ላይ ያገኛት በለጥሻቸው የምትባል ሴት ነበረች፤ የከላላ ሰው፣ ባሏንና አንድ ልጇን እዚያው ያጣች። በ1978 ተጋቡ። እሷ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ጥቅምት 1980 በአንድ የገበያ ቀን ጋሽ ላቀው ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋው። ሳይጠየቅ ተቀመጠ።

"አንድ ወዳጅ አለኝ፤ አገሩ ሩቅ ነው" አለ።

"እሺ።"

"ይህ ወዳጄ በጃንሆይ ጊዜ ደሴ የፈረንጅ ሐኪም ቤት ዘበኛ ነበር።"

"እርስዎም ደሴ ዘበኛ ነበሩ አይደል?"

"አብረን ነበርን።"

ወዳጁ ሚስት ነበረችው። ሦስተኛ ልጇን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ለጥቂት ተረፈች። የፈረንጁ ሐኪም ሌላ ከደገመች አትተርፍም አለ። ወዳጁ ሲጨነቅ፣ ሲጠይቅ፣ ሐኪሙን መውጫ መግቢያ ሲያሳጣው ሰነበተ። በመጨረሻ ሐኪሙ፣ አንተን ልሥራህ፤ ሁለቱን የዘር ቱቦዎች ቆርጬ ብቋጥራቸው ሚስትህ አታረግዝም፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም አለው። በ1964 ተደረገለት። ከሚስቱ በቀር ለማንም አልተናገረም። ሰው ቢሰማ እንደ ተኮላሸ በሬ ሰንጋ ይሉኛል ብሎ ፈራ።

"ዛዲያ ሚስቱ ዳግመኛ አልደማችም" አለ ጋሽ ላቀው ቀስ ብሎ። "እሱን ሥራ ደኅና አድርጎ ሠርቷል። የገደላት ሌላ ነው።"

"ወዳጅዎ አሁን ምን ፈለጉ?"

"አግብቷላ።"

"ማንን?"

"በለጥሻቸውን።"

ስሟ ከአፉ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሁለታችንም አየነው። ጋሽ ላቀው ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"አልነገርኳትም" አለ። "ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበል ለጠበል ስትንከራተት፣ ስትጾም፣ ሴቶቹ ረሀቡ ማሕፀንሽን ዘጋው ሲሏት እያየሁ አልነገርኳትም። ሐኪም፣ የተቋጠረው ይፈታል?"

እኔ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም። "የተቆረጠ ተቆረጠ ጋሽ ላቀው። አይመለስም" አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ተነሣ። በሩን ከፍቶ ከወጣ በኋላ ተመልሶ አንገቱን አስገባ። "ይህን አንቱ ከመጽሐፍ አይተው ነው ወይስ ከራስዎ?"

ከራሴ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆጠቆጠኝ። መጽሐፎቼን ሁሉ ገለበጥኩ፤ ስለ መቋጠሩ አንድ ገጽ፣ ስለ መልሶ መቀጠሉ ሁለት መስመር አገኘሁ። ሁለቱ መስመሮች ግን ይቻላል የሚሉ ነበሩ። ደሴ ለነበረ አስተማሪዬ ጻፍኩ። ከአምስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። አዲስ አበባ ንጉሡ የሚባል ቀዶ ሐኪም አለ፤ ውጭ አገር ተምሮ በአጉሊ መነጽር እያየ እነዚህን ቱቦዎች መቀጠል ጀምሯል። በየካቲት ሊቀበላችሁ ፈቅዷል። ከታች በቀይ የተሰመረ አንድ ነገር ነበረ፤ ሚስትየዋም ትምጣ፤ እሷም ትመርመር፤ ሁለቱም ሳይገባቸው አይሠራም።

ደብዳቤውን ሳነብለት ጋሽ ላቀው "ሁለቱም" የምትለዋን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

"አንቱ ይንገሩልኝ" አለ።

"አልነግርም።"

"አብረን ብንነግራትስ?"

"ጋሽ ላቀው፣ ሚስትዎ ናት።"

የነገራት አውድማ ላይ ነው። ነገሩን ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ዙሪያ ጥምጥም ሲያመጣው በለጥሻቸው ደሴ ሌላ ሚስት አለኝ ሊላት መስሏት ነበር። ሲገባት መንሹን ጣለች።  ነጠላዋን አጥብቃ ወንድሟ ቤት ወደ ከላላ መንገድ ጀመረች።

ጋሽ ላቀው ሦስት ቀን አልታየም። በአራተኛው ጎረቤቱ ጀብሪል በቅሎ ስቦ ጤና ጣቢያው ድረስ መጣ። ጀብሪል ሁለቱ ሲጋቡ የመሀል ሰው የነበረ፣ ነገር ማብረድ የሚያውቅ ሽማግሌ ነው።

"ሐኪም፣ ተነሥ። ነገሩን ያመጣው የአንተ ወረቀት ነው። አንተም ሽማግሌ ነህ ዛሬ።"

ጋሽ ላቀውን ከኋላችን አስከትለን ከላላ ስንደርስ በለጥሻቸው ወጥታ ውኃ ሰጠችን፤ ባሏን ግን አላየችውም። ጀብሪል "አብሽሪ እናቴ፣ ሰው ነውና ይሳሳታል" ብሎ ጀመረ። በእጇ አቋረጠችው።

"አባ ጀብሪል፣ አንቱን አከብራለሁ። ግን ይስሙኝ። መካን ብለው ሲጠሩኝ አጠገቤ ነበረ። በብርድ ከጠበሉ ስመለስ እሳት እያነደደ ይጠብቀኝ ነበር። እግሬን እያጠበ! አንድ ቀን ይብቃሽ አላለኝም። እኔ እግዜርን ምን በደልኩህ ስል ሰምቷል።"

 ጋሽ ላቀው መሬት መሬት እያየ "ትሄጅብኛለሽ ብዬ ነው" አለ።

"ይኸው ሄድኩ።"

 በለጥሻቸው ተቀመጠች፤ ስትናገርም ለጀብሪል ነበር። ሁለት ነገር ትፈልጋለች። አንደኛ፣ ሐኪሙ ዘንድ አብራ ትገባለች፤ የሚጠየቀውን የምትጠይቅ እሷ ናት፤ ላቀው አንድም ጥያቄ አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ በሰው ፊት የተነሣው ስሟ በሰው ፊት ይመለስላታል።

የመጀመሪያውን ሲሰማ ጋሽ ላቀው ፊቱ አመድ መሰለ። ላሙን ቢወስዱበት ይቀለው ነበር።

ሁለተኛውን የፈጸመው በሚካኤል ማኅበር ላይ ነው። እኔም ተጠርቼ ነበር። ጠላው ገና አንድ ዙር ሲል ተነሣ።  "በለጥሻቸው መካን አይደለችም" አለ። "የተዘጋሁ እኔ ነኝ። አልጣሽን እንዳትሞትብኝ ብዬ ያስቋጠርኩ ነኝ። ሁለት ዓመት ደብቄያታለሁ።" ከጥግ አንድ ሰው "ሰንጋ" ብሎ ሊስቅ ጀመረ፤ ጎኑ የተቀመጠው ሰው በክርኑ ሲለው ዝም አለ። አስተናጋጇ ጠላ ይዛ እንደቆመች እንባዋ ወረደ። ጋሽ ላቀው ተቀመጠ። እንደዚያ ቀን ያለ ጀግና አላየሁም፤ እጁ ዋንጫ መያዝ አቅቶት ነበር እንጂ።

የቀረው መንገዱ ነው። በዚያ ዘመን ገበሬ ከአውራጃው ለመውጣት ከማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ወረቀቱ ላይ ምክንያት ይጻፋል። ጓድ ፈንታው ብዕሩን አንሥቶ ተጨነቀ። ምክንያቱን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ይህን ግን በመንግሥት ወረቀት ላይ እንዴት ይጽፈዋል? ብዙ አስቦ "ለቧንቧ ጥገና" ብሎ ማኅተሙን መታ። በማኅበራችን ክልል ቧንቧ ያለው ቤት አልነበረም።

እኔ መድኃኒት ለማምጣት በሚል ፈቃድ አብሬያቸው ወጣሁ። ጋሽ ላቀው የጭነት መኪናው ላይ አልወጣም አለ። ሾፌሩን "ወዴት ነህ?" ይለዋል፤ ሾፌሩ "አቀስታ፣ ከዚያ ደሴ" ይለዋል፤ ዞሮ ረዳቱን ይጠይቃል፤ ከዚያ የተሳፈሩትን አንድ በአንድ። ወንድሙም እንዲህ ባለ መኪና ላይ ነበር የወጣው። በመጨረሻ በለጥሻቸው ቀድማ ወጥታ እጇን ዘረጋችለት። ከከላላ ወዲህ ስትነካው ያን ጊዜ አየሁ።

ኬላው ላይ አንድ ወታደር ወረቀቱን አነበበና ቀና አለ።

"የምን ቧንቧ ነው የምትጠግነው?"

ጋሽ ላቀው መጨነቅ እንጂ መዋሸት አይችልም። "የራሴን" አለ።

ወታደሩ ከላይ እስከ ታች አየው። "መሣሪያህ የታለ?"

በለጥሻቸው ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ አልቻለችም፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። መኪናው ላይ ያለው ሁሉ አብሯት ሳቀ። ወታደሩም ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቅ ፈገግ ብሎ አሳለፈን። ጋሽ ላቀው ብቻ እስከ ደሴ ድረስ "ተጠራጥሮን ይሆን?" እያለ ጨነቀው።

አዲስ አበባ የተቀበለን ዶክተር ንጉሡ አጭር፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ወረቀት አውጥቶ ሥዕል ሣለ። በለጥሻቸው ወንበሯን ጎትታ ተጠጋች። ጋሽ ላቀው በገባው ቃል መሠረት ዝም ብሎ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

"ዘር የሚሠራው ቆለጥ ውስጥ ነው" አለ ዶክተሩ። "በቀኝ አንድ፣ በግራ አንድ ቱቦ አለ፤ በነሱ ሽቅብ ይወጣል። ደሴ የነበረው ሐኪም ሁለቱንም ቆርጦ ቋጥሯቸዋል። ዘሩ መሠራቱን አላቋረጠም፤ መውጫ ስላጣ ሰውነቱ መልሶ ይወስደዋል እንጂ። እኔ ጠባሳውን ቆርጬ አውጥቼ ጤነኛውን ጫፍ ከጤነኛው ጫፍ ጋር እሰፋለሁ።"

"ቱቦው ምን ያህላል?"

"ውፍረቱ እንደ ሲባጎ ነው። የውስጡ ቀዳዳ ግን የመርፌ ጫፍ ቢያክል ነው። የምሰፋበት ክር ከፀጉር ይቀጥናል። በአጉሊ መነጽር ነው የማየው፤ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል።"

"ሲቋጠር ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀ ይላል።"

"መቁረጥ ይቀላል እናቴ።"

"ከተሰፋ ይወልዳል?"

"ቃል አልገባም። አንዱ ጥያቄ ቱቦው ይከፈታል ወይ ነው። ሌላው ቢከፈትስ ልጅ ይመጣል ወይ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከተቋጠረ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ዓመቱ በረዘመ ቁጥር ዕድሉ ይቀንሳል። ስከፍተው ከታች የሚመጣውን ፈሳሽ አያለሁ። ጥርት ያለ ከሆነ ደኅና ነው። እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረ ከሆነ ግን ወደ ታች ሌላ የተዘጋ ቦታ አለ ማለት ነው። እሱን ለማለፍ ይበልጥ ቀጭን ከሆነ ቱቦ ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። ያ ከባድ ነው፤ እጄ ገና አልለመደውም።"

"ስንት ሰው ሠርተዋል?"

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። "ዘጠኝ።"

"ስንቱ ወለደ?"

"ሁለት። ሦስቱ ገና እየጠበቁ ነው።"

"ይሞትብኛል?"

"በዚህ ሥራ ሰው ይሞታል ማለት አይቻልም፤ እጅግ ብርቅ ነው። ሊያብጥ፣ ሊደማ፣ ሊያመረቅዝ ይችላል። የሰፋሁትም ቆይቶ መልሶ ሊዘጋ ይችላል። ከወጣ በኋላ ለአንድ ወር ሸክም የለም፣ እርሻ የለም፤ እኔ እስክፈቅድ አብሮ መተኛትም የለም። ዘሩ ቶሎ አይመጣም። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል።"

በለጥሻቸው ወደ ባሏ ዞረች። "ገባህ?"

ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ ገላጭ ሐኪምና እንዲህ ያለ የተለጎመ ጠያቂ አንድ ክፍል ውስጥ መገናኘታቸው ያሳዝናል።

በማግስቱ ጠዋት በተሽከርካሪ አልጋ ሲወስዱት እጄን ያዘኝ። 

"ሐኪም፣ ለሷ ነው ዝም የምል ያልኩ፤ አንቱን ልጠይቅ።"

"ይጠይቁ።"

"ቢሆንስ?"

ያልሰማሁ መሰለኝ። "ባይሆን እንኳ..."

"አልሆን ቢልስ አላልኩም። ቢሆንስ ነው ያልኩ። ብታረግዝስ? አልጣሽ ደሟ ሲፈስ ጎኗ ነበርኩ። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ስንደርብ፣ ሲርስ። ይህን ቋጠሮ ያስቋጠርኩ ይህን ላለማየት ነው። ዛሬ በገዛ እግሬ መጥቼ ፍቱልኝ እላለሁ? ልጅ እፈልጋለሁ፤ በለጥሻቸውን ግን ማጣት አልችልም።"

ሁለት ዓመት የሰማሁት ጥያቄ ሁሉ የተገላቢጦሽ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው የሚፈራው እንዳይሳካ ብቻ አልነበረም። በለጥሻቸው በሌላው ወገን ቀረበች። ሰምታዋለች።

"አንተ ሽንት ልትሰጥ ስትወጣ ሐኪሙን ይህንንም ጠይቄዋለሁ" አለችው። "እኔ አንድ ወልጃለሁ፤ አልደማሁም። መርምሮኝ ጤነኛ ነሽ ብሎኛል። የምወልደውም ቤት አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ነው። ቢሆን እኔ ነኝ የምሸከመው፤ እኔ ደግሞ ፈልጌዋለሁ። አሁን የሰውየውን እጅ ልቀቅ፤ ሰበርከው።"

ለቀቀኝ።

ዶክተሩ ሲወጣ ሸሚዙ በላብ ርሷል። የቀኙ ፈሳሽ ጥርት ያለ ነበር፤ ተሰፍቷል። የግራው ወፍራም ሆኖ አግኝቶታል፤ ሞክሮ ትቶታል። "በአንዱም ይቻላል" አለን። "ግን ጠብቁ።"

ጠበቅን። ያ ዓመት እንደዚህ ለሚጠብቅ ሰው ምን ዓይነት ዓመት እንደሆነ ልገልጸው አልችልም። በሰኔ የዘሩን ናሙና በማይክሮስኮፔ አየሁ፤ ምንም የለም። ጋሽ ላቀው ፊቴን አይቶ "መቼ ልመለስ?" ብሎ ሄደ። በመስከረም 1981 ደግሜ አየሁ። መስታወቱን ወደ ቀኝ ሳሸሸው፣ ወደ ግራ ስመልሰው፣ ከዳር በኩል አንድ ነገር ጭራውን እየቆላ አለፈ። 

"አንድ አየሁ!"

ጋሽ ላቀው ብድግ አለ። "ሕይወት አለው?"

"ይሄዳል።"

"አንድ ብቻ?"

"ለጊዜው አንድ።"

ብዙ አሰበ። ግንባሩ ተኮማተረ። "ብቻውን?" አለ በአዘኔታ። "መንገዱን ያውቃል?"

በታኅሣሥ ብዙ ሆኑ። በሰኔ 1981 በለጥሻቸው ማርገዟን አረጋገጥኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ድግስ ይደግስ ነበር፤ ጋሽ ላቀው ግን ከስቶ አለቀ። እንዲህ ያለው ጭንቀት ደግሞ በዚያ ዓመት መሠረት ነበረው። ጦርነቱ ወደኛ ተጠግቶ የደሴ መንገድ ተዘጋ፤ ደም ቢያስፈልግ ደም የለም፤ የደም ማቆሚያ መርፌ የቀረን ሁለት ብቻ ነበር። እኔም እንደሱ መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ አልነገርኩትም እንጂ። እሱ ልትወልድ ሁለት ወር ሲቀራት ከተማ ዘመድ ቤት አስገባት፤ ከዚያ እስከ ጤና ጣቢያው ሦስት መቶ አርባ እርምጃ እንደሆነ በእግሩ ለካ። በዝናብ ጊዜ ደግሞ ለካው።

የካቲት 1982፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ወለደች። ያዋለደቻት አዋላጃችን ድንቅነሽ ናት፤ እኔ ረዳት ነበርኩ። ሕፃኗ ወጥታ አለቀሰች። የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። አምስት ደቂቃ፣ አሥር፣ ሃያ። ደም ጀመረ። ድንቅነሽ አንዱን መርፌ ወጋቻት፤ መዳፏን ሆዷ ላይ አድርጋ ማሻሸት ያዘች። "ጨርቅ" አለችኝ፤ ሰጠኋት። "ጨርቅ" አለችኝ እንደገና። ከሳንቃው በር ወዲያ የቆመው ሰው ምን እንደሚያስብ ስለማውቅ ጨርቁን ሳልጠየቅ መደርደር ጀመርኩ። በለጥሻቸው ገርጥታ "ላቀውን እንዳታስገቡት" አለች። ወዲያው ድንቅነሽ ቀና ብላ "ወጣ" አለች። ማሕፀኗ ከእጇ ሥር ጠጠረ፤ ደሙ ቀነሰ፤ ቆመ።

ወደ ውጭ ወጣሁ። ጋሽ ላቀው ቆሟል። ምንም አልጠየቀኝም። ባወቅሁት ዘመን ሁሉ ያልጠየቀኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ሴት ናት" አልኩት። "እናትየዋም ደኅና ናት። ጠይቃዎታለች።"

ቆሞ የነበረው ሰው ባለበት ቁጭ አለ፤ መሬት ላይ። ቆቡን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ሕፃኗን እናቷ አስቻለች አለቻት።

ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለወጠ፤ እኔም ደጎሎ ተዛወርኩ፤ ፈንታዬ የምትባል አስተማሪ አገባሁ። የመጀመሪያ ልጃችን ሊወለድ ሲል ምጡ ከበደ፤ አንድ ቀን ተኩል አለፈው። በሙያዬ ብዙ ሴት ስታምጥ አይቻለሁ፤ በራሴ ሲመጣ ግን የማውቀው ሁሉ ጥሎኝ ጠፋ። የሥራ ባልደረቦቼ "አንተ ውጣልን" ብለው አስወጡኝ። ከአጥሩ ሥር ቆሜ ሳለሁ ጋሽ ላቀው በቅሎ እየሳበ ከመንገዱ ብቅ አለ። የፈንታዬ ወር መግባቱን አንድ ነጋዴ ነግሮት ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ሁለት ቀን ሲጓዝ ሰንብቷል። እስከ ጉልበቱ አቧራ ነበር።

"አንቱ አልተኙም" አለኝ። ከበቅሎው ጋቢ አውርዶ አግዳሚው ላይ አነጠፈ። "ይተኙ። እኔ አለሁ፤ በሩ ላይ እቆማለሁ።"

ተኛሁ። ሚስቴ ስታምጥ! ፈንታዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም። ግን በሩ ላይ ማን እንደቆመ አውቅ ነበር፤ እሱ እያለ ሳይታሰብ የሚያመልጥ ክፉ ነገር በዓለም ላይ እንደማይኖር አውቅ ነበር። ስነቃ ፀሐይ ዞራለች፤ ጋሽ ላቀው ከላዬ ቆሟል።

"ወንድ ነው" አለኝ። "እናቱም ልጁም ደኅና ናቸው። ጣቶቹን ቆጥሬያለሁ።"

ሮጬ ገብቼ ሁለቱንም አየሁ፤ ሳምኳቸው። ስመለስ ጋሽ ላቀው እኔ በነበርኩበት አግዳሚ ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ዝንብ እንዳያርፍበት ጋቢውን ቀስ ብዬ እስከ ፊቱ ሳብኩለት። ጥቂት ቆየሁና ገለጥ አደረግሁት፤ ይተነፍስ እንደሆነ ለማየት።